የባሕር ማዶ ሕግ በቧንቧ ውሃ

ሥራ የጀመርኩት ኮምቦልቻ፣ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሬጅስትራሩ አቶ ካሳሁን ወስፌና ሲባጎ ሰጡኝና የተከመረ ወረቀት አሳዩኝ። «ክሱን፣ መልሱን፣ ማስረጃውን በተራ ታደርጊያለሽ። ትበሺዋለሽ፣ ትሰፊዋለሽ፣ ከዚያ ገጹን ቁጥር ትሰጪዋለሽ» አሉኝ።

«ማንበብስ?» አልኳቸው።

«ማንበብ በደመወዝሽ ውስጥ የለም።»

በደመወዜ ውስጥ ባይኖርም አነብ ነበር። የሐርቡ ልጅ ነኝ፤ ሐርቡ ላይ ሰው የጎረቤቱን ጉዳይ ሳያውቅ አያድርም፤ እዚህ ደግሞ የጎረቤት ጉዳይ በክምር ቀረበልኝ። ከሳሽ የሚለውን፣ ተከሳሽ የሚለውን፣ ዳኛ ሁለቱንም ሰምቶ የሚለውን እየሰፋሁ አነበብኩ። ጥቂት ዓመት እንዲህ ከቆየሁ በኋላ ወስፌው ሰለቸኝ። ችሎት መቆም አማረኝ። ለዚያ ደግሞ ዲግሪ ያስፈልግ ነበር።

በኢሕአዴግ ጊዜ ኮሌጅ እንደ እንጉዳይ ፈልቶ ነበር። ትላንት የእህል መጋዘን የነበረው ዛሬ «ካምፓስ» ይባላል። ደሴ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ፣ ከሥሩ አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠራ አናጢ ቤት ያለበት፣ አንድ ኮሌጅ ተከፈተ። ሰሌዳው ላይ የኮሌጁ ስም ጫፍ ላይ ተጨንቆ ተጽፏል። መሐሉን የያዘው «አጋራችን» የሚሉት የባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ አርማ ነበር። አርማው ላይ በሁለት እግሩ የቆመ እንስሳ አለ። አንበሳ ነው የሚሉ ነበሩ፤ እኔ ፍየል ነው ብዬ እስከ ዛሬ አልተረታሁም።

ለመመዝገብ ስሄድ ያነጋገረኝ ራሱ ዲኑ ነው። ዶክተር በላይነህ ይባላል፤ ዶክተርነቱ በምን እንደሆነ የነገረን የለም። «ዲግሪው የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው» አለኝ። «ሞጁሉ ከዚያ፣ ፈተናው ከዚያ፣ እርማቱ ከዚያ። እዚሁ ደሴ ተቀምጠሽ ማለት ነው። ሳትሄጂ ሄድሽ!»

«የምንማረው ሕግስ የየት አገር ነው?» ብዬ ጠየቅኩት።

ሳቀብኝ። «እህቴ፣ ሕግ ሕግ ነው። የስበት ሕግ ደሴ ሲደርስ ይለወጣል?»

የደሴ ኮምቦልቻን ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ ፍሬኑ በላላ ጭነት መኪና ወርጄ ስለማውቅ የስበት ሕግ ደሴም ኮምቦልቻም አንድ እንደሆነ አልተከራከርኩም። የውል ሕግ ግን እንደ ድንጋይ ራሱ ተንከባሎ የሚመጣ አይመስለኝም ነበር። ቢሆንም ተመዘገብኩ። አማራጭ ያለው ሰው ነው የሚኮራው።

ክፍል ውስጥ አብዛኞቻችን ሠራተኞች ነበርን። ፖሊስ፣ የቀበሌ ጸሐፊ፣ የመምህራን ማኅበር ሰው፣ እኔ። ሙስሊሞቹ ተማሪዎች «ዲን» በሚለው ቃል ሳቅ አያልቅባቸውም ነበር። ዲን ለእኛ ሃይማኖት ነው። አንድ ቀን ጸሐፊዋ ወጥታ «ዲኑ የለም» ስትል ከኋላ አንዱ «መች ኖሮት ያውቃል!» አለ። ቃሉ ቶሎ ተዛመተ፤ ክርስቲያኖቹም ለመዱት።

ሞጁሉን የሚያነብልን አንድ ወጣት መምህር ነበር። የሚያነብልን ያልኩት አውቄ ነው፤ ከማንበብ አልፎ አንድ ቀን አላስተማረንም። ከታች አናጢው መላጊያውን ሲያስነሳ ይቆማል፤ ሲያባራ ካቆመበት ይቀጥላል። መሬት ከእነሱ ንግሥት እንዴት እንደሚያዝ ተማርን፤ በእኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። ከሕዝብ መሐል ተመርጠው ተራ ሰዎች ስለሚፈርዱበት ችሎት ተማርን፤ በእኛ አገር የለም። አውቶቡስ ስለሚሳፈር አንድ ምክንያታዊ ሰው ተማርን። ያ ሰው በተከሳሹ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር እየተባለ ነው የሚፈረደው። የደሴ ኮምቦልቻን ሚኒባስ ቢሳፈር ምክንያታዊነቱ ሐረጎን ሳያልፍ ያልቅለት ነበር።

«የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግስ መቼ ነው?» ብዬ መምህሩን ጠየቅኩት።

«ፈተና ላይ አይመጣም» አለ።

በዚያ ቤት ከዚህ በላይ መልስ የለም። ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር ዓለም ላይም የለም። ስለዚህ ተማሪው ሁሉ ሁለት ሕግ ያዘ። አንዱን «የፈተና ሕግ» እንለው ነበር፣ ሌላውን «የሥራ ሕግ»። ፖሊሱ ቀን በሥራ ሕግ ሰው ይይዛል፣ ማታ በፈተና ሕግ ሰውየውን መያዝ አልነበረበትም ብሎ ይጽፋል፤ ጥሩ ውጤትም ያገኝበታል።

በመጨረሻው ዓመት ባሕር ማዶዎቹ አዲስ ነገር አመጡ። ተማሪ ሁሉ ለአንድ ድኻ በነፃ የሕግ ድጋፍ ካልሰጠ አይመረቅም ተባለ። «ክሊኒክ» አሉት። በሐሳቡ ምንም ክፉ የለበትም፤ ክፋቱ ከሐሳቡ በታች ያሉት ሰዎች ነበሩ። ለእኔ የደረሱኝ ባለጉዳይ አባባ እንድሪስ ናቸው።

አባባ እንድሪስ ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ ኮምቦልቻ ዋናው መንገድ ዳር አንዲት ቤት ያለቻቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጅ የላቸውም። ሁሴን የሚባል የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ቤቷን ለሱቁ ማስፋፊያ ተመኛት። አንድ ጁምዓ ከሶላት ሲወጡ ሰው ፊት ያዛቸውና «አባባ፣ ያቺን ቤት ለእኔ ይልቀቁልኝ፤ በዋጋ አንጣላም» አላቸው። እሳቸውም «መርሐባ» ብለውት ሄዱ። ሁሴን በማግሥቱ አንድ መኪና አሸዋ በራቸው ላይ ደፋ። «አንሳልኝ» ሲሉት «ሸጠውልኝ የለም እንዴ!» ብሎ ከሰሳቸው፤ «ውሉ ይፈጸምልኝ» አለ። ምስክሮቹ «መርሐባ» ሲሉ የሰሙት ሰጋጆች ናቸው። ቤቷ ከሄደች አባባ እንድሪስ የሚያድሩበት የላቸውም።

ጉዳዩ የቀረበው እኔ በምሠራበት ፍርድ ቤት ስለሆነ ለዲኑ ነገርኩት። «የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የጥቅም ግጭት አለበት፤ ሌላ ሰው ስጡኝ» አልኩት።

«ፋይሉ አጠገብሽ ነው ማለት ነው? ታዲያ ይሄ ጥቅም እንጂ ግጭቱ የት አለ?» አለኝ።

ከዚያ ዲኑ የጉዳዩን ታሪክ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ለባሕር ማዶው ፕሮፌሰር ላከ። «መርሐባ»ን «ተስማምቻለሁ» ብሎ ተረጎመው። ሳየው ደሜ ፈላ።

«ይሄ ስህተት ነው። መርሐባ ተስማምቻለሁ ማለት አይደለም።»

«ታዲያ ምን ማለት ነው?»

«ሲጠሩህ መርሐባ ትላለህ። እንግዳ ሲገባ መርሐባ ትላለህ። ሽማግሌ ሲመክርህ ምክሩን ባትፈልገውም መርሐባ ትላለህ። ሰው ላለማሳፈር የሚባል ነው።»

«አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ስጪኝ።»

«አንድ ቃል የለውም።»

«ከሌለው ተስማምቻለሁ ነው» አለና ወረቀቱን አጠፈው።

ፕሮፌሰሩ ጥያቄውን በዚያው ትርጉም ላይ ሠርቶ ላከልን። ተከሳሹ መስማማቱን እንደ እውነት ውሰዱ፤ ከዚያ ቤቱን እንዴት ታድኑለታላችሁ? ይላል። በሞጁሉ ሕግ ቃል የገባ ሰው በምላሹ አንዳች ነገር ካልተሰጠው ወይም ቃል ካልተገባለት ውል አይጸናም። እኔም የሚጠበቅብኝን በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ተከሳሹ ተስማምቷል፤ ነገር ግን ዋጋው ስንት እንደሆነ ስላልተነገረው በምላሹ የተቀበለውም ቃል የተገባለትም ነገር የለም፤ ውሉ አይጸናም። ይህ ለአራሚው ነው። ለፍርድ ቤቱ ደግሞ በአማርኛ አጭር የመከላከያ መልስ አዘጋጀሁ። «ቤቴን አልሸጥኩም። በጽሑፍ ያደረግሁት ውል የለም።» የእኛ ሕግ፣ ቁጥር 1723፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ ይሁን ይላል። ከዚህ በላይ ማለት ነገር ማብዛት ነው። ሁለቱንም ለዲኑ አስረከብኩ፤ በክሊኒኩ ደንብ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄደው በእሱ በኩል ነበርና።

ፕሮፌሰሩ በአካል መጣ። ሰውየው ራሱ ትሁት ነበር፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው ከማለት በቀር ክፉ አልወጣውም። ዲኑ ግን ሠርግ ደገሰ። አባባ እንድሪስን ነጭ ጋቢ አልብሶ ፍርድ ቤቱ በር ላይ አቆማቸው። ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ጨበጠ፣ ፎቶ ተነሱ፤ አባባ መልሱ ላይ አሻራቸውን አድርገው ገቢ ተደረገ። እኔ የዚያን ቀን ለፈተና ፈቃድ ወስጄ ደሴ ነበርኩ።

ስመለስ መዝገቡ ጠረጴዛዬ ላይ ለስፌት ቆየኝ። ወስፌውን ይዤ እንደ ልማዴ አነበብኩ። «ተከሳሽ መርሐባ በማለት በሽያጩ መስማማቱን አይክድም፤ ነገር ግን በምላሹ የተቀበለው ነገር ስለሌለ ውሉ አይጸናም» ይላል። ዲኑ የእኔን አጭር መልስ ጥሎ ለባሕር ማዶ የጻፍኩትን ወደ አማርኛ አስተርጉሞ አስገብቶታል። ፕሮፌሰሩ አርሞ ያደነቀው የእንግሊዝኛውን ስለሆነ፣ ፎቶው ላይ በእጅ የተያዘውም እሱ ነው።

ለእናንተ ለወጣት ጠበቆች ልንገራችሁ። በእኛ ችሎት ተከሳሽ ያመነው ነገር ማስረጃ አይጠየቅበትም። «በምላሹ የተቀበለው የለም» የሚለው መከራከሪያ እኛ ሕግ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ሁሴን «ዋጋውን አሁን እከፍላለሁ» ካለ አለቀ። ስለ ጽሑፍ ደግሞ መልሱ ውስጥ አንድም ቃል የለም። ከፈረንጁ ሕግ የማይጠቅመን ክፍል ገብቶ፣ ከእኛ ሕግ የሚጠቅመን ክፍል ወጥቷል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ይሄኛው ግን ከማድመቅ አልፎ ቤት ሊያስወስድ ነበር።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ደሴ ወጣሁ። ዲኑ ቢሮው ውስጥ ፎቶውን በትልቁ አሳጥቦ ግድግዳ ላይ የት እንደሚሰቅል ይለካል።

«መልሱ ይሻሻል» አልኩት። «ሰውየው ያላሉትን አምነዋል ተብሎ ተጽፏል። ሥነ ሥርዓት ሕጉ ማሻሻል ይፈቅዳል፤ ክሊኒኩ ማመልከቻ ያስገባ።»

«ፕሮፌሰሩ በከፍተኛ ማዕረግ ያሳለፈው መልስ ይሻሻላል? ምን ልበለው? ተሳስተሃል ልበለው?»

«ቤታቸውን ቢያጡስ?»

ትንሽ አሰበ። «ይግባኝ አለ» አለ። «እንዲያውም ለመጪው ዓመት ተማሪዎች ጉዳይ ይሆናቸዋል።»

በሕይወቴ ብዙ ነውረኛ ንግግር ሰምቻለሁ፤ መዝገብ ቤት ሠርቼ እንዴት አልሰማ። እንዲህ ፊቱ ሳይለወጥ የተናገረ ግን አላየሁም። «አንቺ ብታሻሽዪው ውጤትሽን እሰርዛለሁ፤ አትመረቂም» ብሎ ጨመረልኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት እሱ ነው።

በነጋታው አባባ እንድሪስ ቤት ሄድኩ። በራቸው በአሸዋ ስለተዘጋ በጓሮ ነው የሚገቡት። የተጻፈውን ነገርኳቸው።

«ተስማምቻለሁ አልኩ ነው የምትዪኝ?»

«ወረቀቱ እንደዚያ ይላል፣ አባባ።»

«ወላሂ አላልኩም! ያ ፈረንጅ እጄን ጨበጠኝ፣ ያኛው ደግሞ ጋቢ አለበሰኝ። ያትሙ ሲለኝ ቤትዎን ይጠብቃል አለኝ። ምን ብዬ ልጠርጥር?» ካሉ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ? ይሄን ስታነካኪ ትምህርትሽን አያበላሹብሽም?»

«አብሽሩ አባባ፣ እኔ ቤት አለኝ» አልኳቸው። ለዚያ ዲግሪ ግን ስንት ቅዳሜና እሁድ ሐረጎን ወጥቼ ወርጃለሁ። ዲኑን ጠላሁት፤ እንዲያ መጥላት እንደምችል አላውቅም ነበር።

አቶ ካሳሁን ጉዳዩን ሳጫውታቸው መነጽራቸውን አወለቁ። «የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ለባለጉዳይ አትጽፍም። ደንቡን ታውቂዋለሽ» አሉኝ።

«አውቀዋለሁ።»

«ውጪ ጥላ ሥር ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ባለጉዳይ እዚያ ሄዶ ቢያስጽፍ መብቱ ነው። አንቺ በምሳ ሰዓትሽ የትም ብትቆሚ አይመለከተኝም። ብቻ ወረቀቱ ላይ ያንቺን እጅ እንዳላይ።»

በምሳ ሰዓት ጥላው ሥር ቆምኩ። አባባ እንድሪስ በርጩማው ላይ ተቀመጡ፤ ጸሐፊው በታይፕ መታው። የቀድሞው መልስ የእኔ ቃል አይደለም፤ በሽያጭ አልተስማማሁም፤ በጽሑፍ የተደረገ ውል የለም፤ መልሴን እንዳሻሽል ይፈቀድልኝ። አሻራቸውን አደረጉበት፤ በዚህኛው ጊዜ ግን መጀመሪያ ቃል በቃል ተነብቦላቸው ነው።

የቀጠሮው ዕለት ችሎት አስከባሪው «እንድሪስ ይማም!» ብሎ ሲጠራ አባባ «መርሐባ!» ብለው ተነሱ። ዳኛዋ ለወሎ እንግዳ ናት፤ ከተዛወረች ብዙ አልቆየችም። እኔ መዝገቦቹን ይዤ ጥግ ቆሜያለሁ። ማመልከቻውን አነበበችና ቀና አለች።

«በመጀመሪያው መልስዎ ተስማምቻለሁ ብለዋል። አሁን አልተስማማሁም ይላሉ። የትኛውን እንመን?»

«ያን የመጀመሪያውን የጻፈው ሰው ቤቱ እዚህ አይደለም፣ ልጄ። ሁለተኛውን የምለው እኔ ነኝ።»

ሁሴን ከመቀመጫው ተነሳ። «ክብርት ዳኛ፣ አንዴ አምነዋል! መርሐባ ሲሉም ጀመዓው ሰምቷል!»

«ተቀመጥ፤ ተራህ ሲደርስ ትናገራለህ» አለችውና ወደ አባባ ዞረች። «መርሐባ ብለዋል ወይስ አላሉም?»

«ብያለሁ። በአላህ ቤት በር ላይ ያልኩትን አልክድም።»

ዳኛዋ ጻፈችው።

«እንግዲያው ምን ማለትዎ ነበር?»

«ሰማሁህ ማለቴ ነዋ! ሰው ሲያናግረኝ እንደ ግድግዳ ዝም ልበለው? አሁን እርስዎ ሲያስጠሩኝ መርሐባ ብዬ አልተነሳሁም? ታዲያ ቤቴን ለእርስዎ ሸጥኩልዎት?»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። አስከባሪው «ጸጥታ!» እያለ ራሱ አፉን በእጁ ይዟል። ዳኛዋ አልሳቀችም፤ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መልሱ እንዲሻሻል ፈቀደችና ሁሴንን ጠየቀችው።

«የጽሑፍ ውል አለህ?»

«ሰው አለኝ።»

«ወረቀት ነው የጠየቅኩህ።»

«እማኞቹ ውጪ ቆመዋል፣ ክብርት ዳኛ።»

ሌላ አልጠየቀችውም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ክሱን ውድቅ አደረገችው። አሸዋውንም በራሱ ወጪ እንዲያነሳ ታዘዘ። ሁሴን ይግባኝ እላለሁ ሲል ሰነበተ፤ አላለም።

እኔን የጠሩኝ ደሴ ነው። ዲኑ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ያለውን ወረቀት አነበበልኝ። ተማሪዋ ተቀባይነት ያገኘውን የመከላከያ መልስ ያለ ተቋሙ ፈቃድ በመቃረኗ በክሊኒኩ ወድቃለች። ይህን የጻፈው ፕሮፌሰሩ ይሁን ዲኑ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ክሱ እኮ ውድቅ ሆነ» አልኩት። «ሰውየው ቤታቸው ናቸው።»

«ሊሆን ይችላል። ዩኒቨርሲቲው የሚያርመው ወረቀት እንጂ ፍርድ አይደለም» አለኝ። «ዓመቱን ድገሚና እናያለን።»

አልደገምኩም። ሌሎቹ ጋውን ለብሰው፣ ፍየሉ ከጀርባቸው ተሰቅሎ ፎቶ ተነሱ። አልቀናሁም ብል ውሸት ነው፤ የዚያን ዕለት ከቤት አልወጣሁም። የጥብቅና ፈቃድ ለማውጣት ሲሄዱ ግን «የኢትዮጵያን ሕግ የት ተማራችሁ?» ተባሉ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነባቸው። ያ ፖሊስ «ፈተና ላይ አይመጣም ሲሉን አልነበር?» ብሎ ሲስቅ አስታውሳለሁ፤ ሳቁ ደስ የሚል አልነበረም። ኮሌጁ ብዙም አልቆየም። አናጢው ፎቁን ተከራየውና አልጋ ደረደረበት፤ ከዚያ ቤት ሰው የሚጠቅም ነገር ይዞ መውጣት የጀመረው ያኔ ነው።

እኔ በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ፣ በማታው ክፍል፣ ከአንደኛ ዓመት ጀመርኩ። ከእኔ በብዙ የሚያንሱ ልጆች አጠገብ ተቀምጬ የራሳችንን ፍትሐ ብሔር ተማርኩ። ጠበቃ ሆንኩ፣ ኮምቦልቻም ደሴም ቆምኩ፣ አረጀሁ። ዲኑ ሌላ ከተማ ሌላ አጋር አግኝቶ ሌላ ሰሌዳ ሰቀለ ሲባል ሰማሁ። አልገረመኝም።

አባባ እንድሪስ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖሩ። የሞቱት እዚያችው ቤት፣ የራሳቸው መደብ ላይ ነው። ጀናዛቸውን በዋናው በር አወጣነው።

አሁን ወጣት ጠበቆች ረቂቃቸውን እያመጡ «እስቲ እዩልኝ» ይሉኛል። አማርኛቸውን አርሜ እመልስላቸዋለሁ፤ ከዚያ በላይ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። መልሱ ላይ ብትሳሳቱ ከቤት የሚወጣው ባለጉዳዩ ነው፤ እናንተ ማታ ቤታችሁ ትገባላችሁ።